የአቶ ወንድዬ ለቅሶ

የኋላሸት የጓደኛውን አባት የገደለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአይሱዙ ላይ ሲሚንቶ እያስወረደ ሳለ ነው። የገደለው በአፉ ነበር፤ ሌላ መሣሪያ አልያዘም።

«ጋሽ አሕመዲን፣ ነገና ከነገ ወዲያ ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

አሕመዲን መካነ ሰላም ላይ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ሠራተኛውን እንደ ልጁ የሚቆጣ ነጋዴ ነው። «ምነው፣ ደኅና አይደለህም?» አለ።

«ለቅሶ ነው። አቀስታ። የበላይ አባት፣ አቶ ወንድዬ፣ ዐረፉ።»

አቶ ወንድዬ አላረፉም። በዚያች ሰዓት ምናልባት አቀስታ ላይ ገብስ እያሳጨዱ ይሆናል። የኋላሸት እሳቸውን የመረጠው በክፋት አልነበረም። በላይ የኮሌጅ ጓደኛው ነው፤ አቀስታ ላይ ያስተምራል፤ አባቱን መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው የለም። ለመሞት የሚመቹ ሰው ነበሩ።

«ኢናሊላሂ» አለ አሕመዲን፣ የእጁን አቧራ እያራገፈ። «ሂድ እንጂ፤ ለቅሶ ይከለከላል እንዴ?»

እውነቱ ግን የኋላሸት የሚሄደው ደሴ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ለመፈተን። ሕዝቡ ሲኦሲ የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ ያለሱ የትኛውም መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አይቀጥረውም። አራት ጊዜ ተፈትኖ አራት ጊዜ ወድቋል። በመጀመሪያው የባንክ ማስታረቂያው ጣለው። በሁለተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ የሠራው ሁሉ የለም። ሦስተኛውን ታይፎይድ ይዞት፣ ላብ እያጠመቀው ተፈተነ። በአራተኛው ምንም አልሆነም። መብራቱ ነበረ፣ ጤናው ደኅና ነበር፣ ጥያቄውንም የሚያውቀው መሰለው፤ ወደቀ። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ የሚያመካኝበት ነገር አጣ። የውጤት ወረቀቱ ደግሞ ጨዋ ነው፤ «ወደቅህ» አይልም። «ገና ብቁ አይደለም» ነው የሚለው።

ተስፋ እንዳይቆርጥ ስልኩ ላይ ኮትና ከረባት የለበሱ አነቃቂ ተናጋሪዎችን ያዳምጥ ነበር። የዓለም ታላላቅ ሰዎች ሁሉ ደጋግመው ወድቀዋል ይሉታል። ሳይወድቁ አልቀሩም። ግን አንዳቸውም መካነ ሰላም ላይ አልወደቁም።

መካነ ሰላም ላይ የሚወድቅ ሰው ብቻውን አይወድቅም። ፈተና በደረሰ ቁጥር የሰፈሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዋዜማውን እናቱ ቤት ይሰበሰባል። እናቱ ወይዘሮ ንግሥቴ ዳቦ ትቆርሳለች፤ አሕመዲን መዳፉን ዘርግቶ ዱአ ያደርጋል። «ዴቢቱን ከክሬዲቱ ያስታርቅልህ።» አሚን። «የፈታኙን ልብ ያራራልህ።» አሚን። «መብራቱን ያቁምልህ።» አሚን። ይቺ ከሁለተኛው ውድቀት በኋላ የተጨመረች ናት። ከሦስተኛው በኋላ ታይፎይድ ገባች። ዱአው ከየውድቀቱ እየተማረ ይረዝም ነበር፤ ከተፈታኙ ይልቅ የሚሻሻለው ዱአው ነው።

ውጤት ሲመጣም እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ። «አብሽር፣ የሚቀጥለው አለ።» ፊደል ያልቆጠሩት ጎረቤቱ እቴቴ ሀሊማ ሳይቀሩ ጠጋ ብለው «ያቺ ዲፕሪሲዬሽን የምትሏት ነች አሁንም ያስቸገረችህ?» ይሉታል። እሷ ነበረች። የዕቃ እርጅና የሚሰላባት ናት፤ በየዓመቱ ከቀረው ዋጋ ላይ እየቀነሱ ይሄዳሉ፣ የቀረው ደግሞ ይቀንሳል፣ ዜሮ ግን አይገባም። የኋላሸት ሁሌ እዚያ ላይ ይጠፋበታል።

እቴቴ ሀሊማ ከሁሉ አጥብቀው አሚን የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጃቸው ሃሩን የመጀመሪያውን ፈተና ከየኋላሸት ጋር አብሮ ተፈትኖ፣ አብሮ ወደቀ። «እኔ ለዚህ ነገር ሁለተኛ ፊቴን አላሳየውም» አለና በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ተነሣ። ከባሕሩ ዳር ደወለ፤ «ማታ እንሻገራለን» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጠርቶ አያውቅም። ከሁለቱ አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቀረ፤ የቀረው እንኳ እንዲያልፍ ይፈልጋሉ።

ከአራተኛው ውድቀት በኋላ የኋላሸት ፈተናውን መፍራት ተወ። አሚኑን ፈራ። ጀርባው ላይ ሰፈር ተጭኖ ወደ ደሴ መሄድ፣ ሰፈሩን ጥሎ መመለስ፣ ደግሞ «አብሽር» መባል ሰለቸው። አንዲት ጊዜ ብቻ ማንም ሳያውቅ ሄዶ፣ ቢወድቅም ማንም ሳያውቅ ወድቆ መመለስ ፈለገ። ይሄን ካላገኘ ዘንድሮ አይፈተንም፤ ዘንድሮ ካልተፈተነ ደግሞ ከእንግዲህ እንደማይፈተን ራሱን ያውቀዋል።

ብልሃቱ መጥፎ አልነበረም። ያበላሸው የለቅሶን ሥርዓት አለማወቁ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው እዚህ ቅሬ ይባላል፤ ቅሬው «ልጁ ጥናት አለበት» እያለ ስንት ዓመት ሙሉ ከለቅሶ ነጻ አድርጎት ኖሯል። ድንኳን ሲተከል እናቱ ትወክለዋለች፤ እሱ ጓዳ ተቀምጦ ሒሳብ ሲያስታርቅ። ስለዚህ የቅሬ አባል አገር አቋርጦ ለቅሶ ሲሄድ ብቻውን እንደማይላክ አያውቅም ነበር።

ማታ ቤቱ ሲገባ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ኪዳነማርያም መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

«ዛሬ አኮራኸን» አሉት። «ስንት ሰው ስንቀብር ብቅ ሳትል ኖረህ፣ ይኸው ዛሬ ራስህ ተነሣህ። ሰው ሆንክ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ብቻዬን ደርሼ እመለሳለሁ…»

«ብቻህን? የኛ ልጅ እንደ ፖስታ ነው የሚላከው? ቅሬው ሰው መርጧል። እኔ አለሁ። አሕመዲን ሱቁን ይዘጋል። ሀሊማም እመጣለሁ ብላለች።»

«እቴቴ ሀሊማ በዚያ ብርድ ምን ያደርጋሉ?»

«ለቅሶ አይቀርባትም፤ ታውቃለህ።»

ይታወቃል። እቴቴ ሀሊማ የማይደርሱበት ለቅሶ የለም፤ ከባለ ሬሳው በላይ ያለቅሳሉ፤ ሰው ልባቸው ስስ ነው ይላል።

የኋላሸት እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከጓዳ እናቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። «በላይዬን ለኔም ብለህ ሳምልኝ» አለችው። «አባቱን ልክ እንደ ወንድሜ ነው ያዘንኩላቸው።» በሕይወቷ አይታቸው አታውቅም። አፉን ዘጋ። ገብቶ የፈተናውን ማጥኛ ወረቀቶች አጥፎ ከሸሚዙ ሥር፣ ከሆዱ ላይ ሸጎጣቸው።

በማግሥቱ በጠዋት፣ ሌሎች የቅሬው ሴቶችም ታክለውበት፣ አውቶቡስ ተሳፈሩ። የኋላሸት መንገዱ ተዘግቶ በሆነ ብሎ ተመኘ፤ ሳይፈለግ ሁሉ የሚዘጋው መንገድ ያን ቀን ወለል ብሎ ጠበቀው። እቴቴ ሀሊማ ጥቁር ሻሻቸውን ጠምጥመው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ሰውዬው እንዴት ያሉ ነበሩ?» አሉት ትንሽ እንደሄዱ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ሟቹ ነዋ። ምግባራቸውን ካላወቅሁ ምን ብዬ ላልቅስላቸው?»

«ደግ… ደግ ነበሩ።»

«ደግማ ሁሉም ሲሞት ደግ ነው። እጃቸው እንዴት ነበር? ከብታቸውስ?»

«አንድ ቡሬ በሬ ነበራቸው» አለ፣ ከየት እንዳመጣው ሳያውቅ። «እንግዳ ይወዱ ነበር። ሰው ሲስቅ ቀድመው ይስቃሉ።» አንዴ ከጀመረ በኋላ ቀለለው። አቶ ወንድዬ እያማሩ ሄዱ፤ ድልድይ አሠሩ፣ የተጣላ አስታረቁ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ አሳደጉ። እቴቴ ሀሊማ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የሰጣቸውን ሁሉ ግጥም እያበጁለት ነበር። ወረቀቶቹ ሆዱን ይወጉታል።

አቀስታ ሲደርሱ ቅዝቃዜው ጆሮ ይቆርጣል። ከአውቶቡሱ ወረዱ፤ አብረዋቸው የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። የኋላሸት መንገዱን እመራለሁ ብሎ ቀድሞ ሊሄድና በላይን ሊደብቅ፣ ሊለምን፣ ምን እንደሚያደርግ ራሱም ሳያውቅ አንድ ነገር ሊያደርግ አስቦ ነበር። ጋሽ ኪዳነማርያም ቀደሙት። ጤፍ የጫነች አህያ የሚነዳ ሰው አስቆሙ።

«ወንድሜ፣ የአቶ ወንድዬ ለቅሶ ቤት በየት በኩል ነው?»

«የቱ ወንድዬ?»

«የመምህር በላይ አባት።»

ሰውዬው አህያዋን ለቀቀ። «መቼ? አሁን ወፍጮ ቤት ትቻቸው መምጣቴ ነው። ተራ ይዘው፣ ከባለ ወፍጮው ጋር ሲጨቃጨቁ።»

ጋሽ ኪዳነማርያም በዳኝነት ያረጁ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ምንም አላለ። «ስም ተሳስተን ነው፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመው» ብለው ሰውዬውን ሸኙት። አህያዋ እስክትርቅ ጠበቁ።

«የኋላሸት።»

«አቤት።»

«ተናገር።»

ተናገረ። ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ፣ ወደ መሬት እያየ። ደሴን፣ ፈተናውን፣ አቶ ወንድዬን ለምን እንደመረጣቸው። ሲጨርስ ከሴቶቹ አንዷ ልትስቅ ጀመረችና የሌሎቹን ፊት አይታ ተወችው።

«ሱቄን ዘግቼ መጣሁ እኮ» አለ አሕመዲን በመጨረሻ። «ፈተና ነው ብትለኝ አልፈቅድልህም ነበር?»

«ይፈቅዱልኝ ነበር። ዱአም ያደርጉልኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«እሱን ነው የሸሸሁት።»

«ዱአዬን?» አለ አሕመዲን። ያበላው እንጀራ ሰው እንዳሳመመ የተነገረው ሰው መሰለ። «ምን አደረገህ?»

ዱአው የኋላሸትን ምንም አላደረገውም። ችግሩም ይኸው ነበር።

«ይሄ ይቆየን» አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም። «አሁን እኛ ምን ብለን ነው የምንመለሰው? ለቅሶ ብለን ወጥተናል። ነጠላ ተዘቅዝቋል። ሳናለቅስ ከተመለስን ለቅሶው ተከትሎን ይገባል፤ ከማናችን ቤት እንደሚገባ ማን ያውቃል?»

«እሱ እምነት አይደለም ጋሽ ኪዳኔ» አለ አሕመዲን። እንዲያም ብሎ ግን እሱም ወደ አውቶቡስ ተራው አንድ እርምጃ አልሄደም።

ከመንገዱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት «ደሴ፣ ደሴ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ሰሞኑን ከቀትር ወዲያ በዚያ መንገድ መኪና አይንቀሳቀስም፤ የመጨረሻው ነበር። የኋላሸት ድምፁን ሰማው። ማንም ወደ እሱ ስለማያይ እሱም ወደዚያ ላለማየት ታገለ።

«እኔ አለኝ» አሉ እቴቴ ሀሊማ።

«ምን አለሽ?» አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም።

«የማለቅስለት። ከናንተ የሞተበት ከሌለ እኔ አለኝ።»

ሁሉም ገባቸው፤ ያልገባው ለመምሰል የሞከረም አልነበረም። ለሃሩን ቅሬው ተቀምጦ አያውቅም። መርዶ ያልመጣለት ሰው ድንኳን አይተከልለትም፤ ደንብ ነው። እቴቴ ሀሊማ አንድ ጊዜ ደፍረው ጠይቀው ነበር፤ ጋሽ ኪዳነማርያም ራሳቸው «ገና አልታወቀም እኮ ሀሊማ» ብለው መልሰዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ነው በየሰው ድንኳን እየዞሩ፣ በሰው ሬሳ ስም ልጃቸውን በቁራጭ በቁራጭ የሚያለቅሱት። ሰው ልባቸው ስስ ነው እያለ።

አሁን የማንንም ስም አልተዋሱም። ከተዘጋ ሱቅ ግድግዳ ሥር፣ ከቀዝቃዛው መሬት ላይ ተቀመጡ። በዝግታ ጀመሩት፣ የሚያባብሉ ነበር የሚመስለው።

«ሃሩኔ። ስልክህን ሳትሞላ ወጣህ፣ ልጄ። ሙላው ብዬህ አልነበር? ያ ሹራብ ለባሕር ይሆናል? ዋና የት ተማርክና ልጄ፣ መካነ ሰላም ባሕር የት አለና…»

አሕመዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሃይማኖታቸው እንዲህ ያለ ለቅሶ እንደማይወደድ ቢያውቅም አልከለከላቸውም። ጋሽ ኪዳነማርያም ብዙ ቆሙ። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሲጠብቁት የኖሩትም እሳቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከእቴቴ ሀሊማ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ቅሬው ተቀምጧል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሌሎቹም ተቀመጡ። የአቀስታ አላፊ አግዳሚ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ «ያጥናችሁ» እያለ አጠገባቸው ይቀመጥ ጀመር። የኋላሸት ብቻ ቆሞ ቀረ። ከሃሩን ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ የተማረው፣ አብሮ የወደቀው እሱ ነው። ባለ ለቅሶ የሚባል ቢኖር ከእናትየው ቀጥሎ እሱ ነበር።

«አንድ ሰው! ልንሄድ ነው!» አለ ረዳቱ።

የኋላሸት ሊቀመጥ ጉልበቱን አጠፈ። እቴቴ ሀሊማ ለቅሶአቸውን አቋርጠው ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ደርቋል።

«አንተ ደሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እቀመጣለሁ፣ እቴቴ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ስንቀመጥ ሳትቀመጥ ኖረህ ዛሬ ነው? ሂድ። ተፈተን።»

«ወድቄ ብመለስስ?»

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ። ክፉ ቃል አልነበረም፤ እውነት ነበር። «ዛሬ የራሴ አለኝ።»

አሕመዲን ከግድግዳው ዞረ። የኋላሸት ሲሄድ እጁ በልማድ ተነሣ፣ መዳፉም ተከፈተ። እቴቴ ሀሊማን አየና መልሶ ጨበጠው። የኋላሸት መንገዱን ሲሻገር ዱአ ያደረገለት የለም፤ አሚን ያለ የለም። ይሄው ነበር የፈለገው። ጀርባው ባዶ ሆኖ ብርዱ በዚያ በኩል ገባው።

ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን ጆሮ ያደነቁራል። ሹፌሩ በመስታወት ወደ ማዶ፣ ወደ ተቀመጡት ሰዎች አየ፤ ከዚያ ወደ የኋላሸት።

«ከለቅሶ ነህ እንዴ?»

«አዎ።»

«ማን ነው የሞተው?»

የኋላሸት አፉን ከፈተ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሲዋሽ የኖረ አፍ ነው። «ጓደኛዬ» አለ። «ሃሩን ይባላል። ባሕር ላይ።» ሲናገረው ሰማው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይሄን ቃል በአፉ ያለ ሰው አልነበረም፤ የሃሩንን መርዶ ያረዳው እሱ ሆነ፣ ለማያውቁት ሰዎች፣ መኪና ውስጥ።

«አላህ ያጥናህ።» «እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ።» ከየወንበሩ መጣ። ሹፌሩ ዘፈኑን ዘጋው። በስልክ ታወራ የነበረች አንዲት ሴት ድምፅዋን ቀንሳ ቆየችና ጨርሳ ተወችው። ሚኒባሱ ጉም እየቀደደ የጉጉፍቱን ዳገት ሲወጣ ከሞተሩ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ፀጥታ የኋላሸት በጥናት ዘመኑ ሁሉ አግኝቶ አያውቅም። ሁሌ የሚጮህ ዶሮ፣ የሚያንኳኳ ጎረቤት፣ «አብሽር» የሚል ሰው ነበር።

ትንሽ ታገሠ። ከዚያ እጁን ወደ ሸሚዙ ሥር አስገብቶ ወረቀቶቹን አወጣ።

እርጅናዋ ነበረች ከላይ። አንድ ተሽከርካሪ፣ አንድ ዋጋ፣ በየዓመቱ ከቀረው ላይ የሚቀነስ። አነበበው። ሁልጊዜ የሚጠፋበት ቦታ ደረሰ፤ አልጠፋበትም። ከቀረው ላይ ይቀነሳል፣ የቀረው እንደገና ይቀነሳል፣ ዜሮ አይገባም፤ እንዲሁ እያነሰ እያነሰ፣ የሚዘጋው ሰው እስኪመጣ መዝገብ ላይ ይኖራል። እስከዛሬ እንዴት እንዳልገባው ገረመው። እንዲህ በቀላሉ ስለገባውም አፈረ።

አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ሲያጎነብስ አይታ የሚያለቅስ መሰላት። ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ በዝምታ ሰጠችው።

ተቀበላት። የማጥኛ ወረቀቶቹ በሁለቱም በኩል ተጽፈው አልቀዋል፤ ባዶ ቦታ የለም። ሶፍቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን አወጣና ማስላት ጀመረ። ቀለሙ በሶፍቱ ላይ ይሰርጋል፣ ቁጥሮቹ ጠርዛቸው ያብጣል። መኪናው ሲንገጫገጭ ሶፍቱ እንዳይቀደድ በግራ እጁ ያዘው፤ ሦስተኛውን ዓመት ጨርሶ ወደ አራተኛው አለፈ።

ሴትዮዋ የሚያደርገውን አየች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ጉም እንጂ ሌላ ወደማይታይበት።